«ፐርሶና ኖን ግራታ»፦ ቆንስልና ሰላይ የነበሩት ቺዩኔ ሱጊሃራ በጃፓን ፊልም

በነታንያ የምትኖሩ ውድ አንባቢዎቻችን፣ በከተማችሁ ውስጥ በአንድ ጃፓናዊ ስም የሚጠራ መንገድ እንዳለ ምናልባት አስተውላችሁ ይሆናል። መንገዱ የቺዩኔ ሱጊሃራን ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሆን፣ በ2021 ደግሞ በኢየሩሳሌም ኪርያት ሃዮቬል ሰፈር አንድ አደባባይ በእኚሁ ሰው ስም ተሰይሟል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሱጊሃራ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለብዙ አይሁዳውያን ቪዛ ጽፈው ከሞት ያስመለጡ ቆንስል ናቸው። ይህን ያህሉን ብዙ ሰው ያውቃል።

ብዙ ጊዜ የማይነሳው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። የጃፓን ዜጎች በማይኖሩባት፣ የጃፓን ንግድም በሌለባት በሊትዌኒያዋ የካውናስ ከተማ ጃፓን ቆንስላ የከፈተችው ለምን ነበር? መልሱ አጭር ነው፤ ለስለላ ነው። ሱጊሃራ ወደ ካውናስ የተላኩት ቪዛ ሊሰጡ ሳይሆን የጀርመንንና የሶቪየት ኅብረትን ጦር እንቅስቃሴ ሊከታተሉ ነበር። በ2015 የተሠራው «ፐርሶና ኖን ግራታ» የተባለው የጃፓን ፊልም ታሪኩን የሚነግረን በዚህ በኩል ነው። በዚህ ጽሑፋችን ፊልሙን ለማስተዋወቅ፣ ከዚያም አልፎ በፊልሙ ውስጥ የትኛው እውነተኛ ታሪክ፣ የትኛው ደግሞ ለፊልም የተጨመረ እንደሆነ ለመለየት እንሞክራለን። ከልጆቻችሁ ጋር የምታዩት ከሆነ ይህ ልዩነት ያስፈልጋችኋል ብለን እናምናለን።

ስለ ፊልሙ

ፊልሙ በጃፓን የራሱ በሱጊሃራ ስም የተሰየመ ሲሆን በውጭ አገር የሚታወቀው «ፐርሶና ኖን ግራታ» በሚለው የላቲን ርዕስ ነው። ትርጉሙ «ያልተፈለገ ሰው» እንደማለት ሲሆን፣ አንድ መንግሥት የሌላ አገር ዲፕሎማትን «አንቀበልም» ሲል የሚጠቀምበት አነጋገር ነው። ዳይሬክተሩ ሴሊን ግሉክ ጃፓን ውስጥ የተወለደ አሜሪካዊ ነው። ሱጊሃራን ሆኖ የሚጫወተው በጃፓን ስመ ጥር የሆነው ቶሺያኪ ካራሳዋ ሲሆን፣ ሚስታቸውን ዩኪኮን የምትጫወተው ኮዩኪ ናት። ኮዩኪ በሌላ የጃፓን የስለላ ፊልም ላይም ተሳትፋለች፤ ያ ፊልም በ2003 የወጣውና በቶኪዮ ለሶቪየት ኅብረት ይሰልል ስለነበረው ጀርመናዊ ስለ ሪቻርድ ዞርጌ የሚተርከው «ሰላዩ ዞርጌ» ነው።

አብዛኛው ቀረጻ የተካሄደው ፖላንድ ውስጥ ሲሆን ከጃፓናውያኑ ጎን በርካታ የፖላንድ ተዋንያን አሉበት። ርዝመቱ 139 ደቂቃ ነው። በጃፓን ሲኒማ ቤቶች ከመውጣቱ በፊት በጥቅምት 2015 መጀመሪያ የታየው እዚያው ታሪኩ በተፈጸመባት በካውናስ ነው።

መክፈቻው ልብ የሚነካ ነው። ከጦርነቱ በኋላ አንድ ከሞት የተረፈ አይሁዳዊ ቶኪዮ ወደሚገኘው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መጥቶ «ሴምፖ ሱጊሃራ» የተባለ ሰው ይፈልጋል። በዚህ ስም የተመዘገበ ዲፕሎማት የለም ተብሎም ይሰናበታል። ይህ የፊልም ትዕይንት ቢሆንም መሠረት አለው። የሱጊሃራ ስም የሚጻፍባቸው የጃፓን ፊደላት «ቺዩኔ» ወይም «ሴምፖ» ተብለው ሊነበቡ ይችላሉ። ለውጭ ሰው ሁለተኛው ስለሚቀል ሱጊሃራ ለስደተኞቹ የነገሩት ይህንኑ ነበር። በዚህም ምክንያት የዳኑት ሰዎች አዳኛቸውን ለረጅም ዓመታት ሊያገኟቸው አልቻሉም።

ሰላዩ ከየት መጣ?

ሱጊሃራ በ1900 ዓ.ም. ጥር 1 ቀን በጊፉ ክፍለ ሀገር ተወለዱ። አባታቸው ሐኪም እንዲሆኑላቸው ይፈልጉ ነበር፤ ልጅ ግን በሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ላይ ስማቸውን ብቻ ጽፈው ወጡ ይባላል። በኋላም የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ባወጣው የነጻ ትምህርት ዕድል ወደ ሃርቢን ተልከው የሩሲያን ቋንቋ ተማሩ። ሃርቢን በሰሜን ቻይና በማንቹሪያ የምትገኝ፣ ከአብዮቱ የሸሹ ብዙ ሩሲያውያን የሞሉባት ከተማ ነበረች። እዚያም ሩሲያዊት አገቡ፣ በኦርቶዶክስ ክርስትናም ተጠመቁ። ይህ ጋብቻ በ1935 በፍቺ አበቃ።

ጃፓን ማንቹሪያን ከያዘች በኋላ ሶቪየት ኅብረት በዚያ የነበራትን የባቡር መሥመር ለመሸጥ ድርድር ተጀመረ። ሱጊሃራ ስለ መሥመሩና ስለ ባቡሮቹ ይዞታ እጅግ ዝርዝር መረጃ ሰብስበው ስለነበር፣ ሶቪየቶች መጀመሪያ ከጠየቁት በጣም ባነሰ ዋጋ ሽያጩ በ1935 ተፈጸመ። የተሸነፈ ወገን ግን አይረሳም። በ1937 ጃፓን ሱጊሃራን ሞስኮ ባለው ኤምባሲዋ ልትመድባቸው ስትል ሶቪየቶች «ይህን ሰው አንቀበልም» አሉ። የፊልሙ ርዕስ የመጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ፊንላንድ፣ ቀጥሎም ወደ ካውናስ ሄዱ።

በፊልሙ ውስጥ የማንቹሪያው ክፍል ተኩስና ማሳደድ የበዛበት ነው። ኢሪና የምትባል ሩሲያዊት የስለላ ባልደረባም አለች። እሷ ለፊልሙ የተፈጠረች ናትና ልጆች «እውነት ነበረች?» ብለው ቢጠይቁ መልሱ አይደለም ነው። ሱጊሃራ በማንቹሪያ የጃፓን ወታደሮች በቻይናውያን ላይ የሚፈጽሙትን ግፍ አይተው ሥራቸውን መልቀቃቸውን ግን ራሳቸው በኋላ ዘመን ተናግረዋል።

የካውናሱ ሥራ

ሱጊሃራ ካውናስ የገቡት ነሐሴ 28 ቀን 1939 ነው። ቀኑን ልብ በሉ። ከአምስት ቀን በፊት ሂትለርና ስታሊን ላለመዋጋት ተፈራርመዋል፤ ከአራት ቀን በኋላ ደግሞ ጀርመን ፖላንድን ወረረች። የጃፓን ጦር ጀርመን አንድ ቀን ወደ ሶቪየት ኅብረት ትዞር እንደሆነ፣ መቼስ እንደሚሆን ማወቅ ይፈልግ ነበር። ምክንያቱም ጃፓን በማንቹሪያ ድንበር ያስቀመጠችውን ብዙ ጦር ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር የምትችለው ይህን ካወቀች ብቻ ነው። ሱጊሃራ ራሳቸው በ1960ዎቹ መጨረሻ በሩሲያኛ በጻፉት ማስታወሻ ዋና ተግባራቸው ይህ እንደነበር በግልጽ አስቀምጠውታል።

ለብቻቸው ግን ይህን ሊያደርጉ አይችሉም። አገራቸውን ያጡት የፖላንድ የስለላ መኮንኖች በሊትዌኒያ በድብቅ ይሠሩ ስለነበር ሁለቱ ወገኖች ተገናኙ። ፖላንዳውያኑ ከድንበር ወዲያና ወዲህ የሚያዩትን ይነግሯቸዋል፤ ሱጊሃራ ደግሞ በፈንታው የጃፓን ከለላ ይሰጧቸዋል። አንዳንዶቹ የጃፓን ወይም የማንቹሪያ ፓስፖርት አገኙ፤ መልእክታቸውም በዲፕሎማቲክ ፖስታ ይጓዝ ነበር። በፊልሙ ላይ በተዋናይ ቦሪስ ሺጽ የሚጫወተው «ፔሽ» የተባለው ሾፌርና ሰላይ ከእነዚህ ሰዎች ሕይወት የተቀዳ ነው። ከመካከላቸው ሻምበል አልፎንስ ያኩቢያንየትስ በ1941 በርሊን ውስጥ በጌስታፖ እጅ ወድቋል። ስለዚህ የሱጊሃራ ሥራ ጨዋታ አልነበረም ማለት ነው። ጃፓን የጀርመን ወዳጅ ሆና ሳለ፣ የእሷ ቆንስል የጀርመን ጠላት ከሆኑት ጋር ይሠራ ነበር።

በእኛ አስተያየት የፊልሙ ትልቁ ጥቅም ይህን ማሳየቱ ነው። ስለ ሱጊሃራ የሚጻፉ ብዙ አጫጭር ታሪኮች የዋህ ልብ ያለው ጸሐፊ አድርገው ያቀርቧቸዋል። እሳቸው ግን የሚሰሙትን ማመሳከር፣ ማን እንደሚዋሽ ማወቅ፣ የትኛው መንግሥት ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ መገመት ሥራቸው የነበረ ሰው ናቸው። በበራቸው የቆሙት ሰዎች ምን እንደሚጠብቃቸው ከብዙዎቹ ዲፕሎማቶች ቀድመው የተረዱት ለዚህ ይመስለናል።

በሩ ላይ የቆሙት

ሰኔ 15 ቀን 1940 የሶቪየት ጦር ሊትዌኒያ ገባ። ከፖላንድ የሸሹ በሺህ የሚቆጠሩ አይሁዳውያን እዚያ ተጠልለው ነበር። ሶቪየቶች የውጭ ቆንስላዎች በነሐሴ ወር መጨረሻ እንዲዘጉ አዘዙ። በሐምሌ አንድ ማለዳ የሱጊሃራ ቤተሰብ ሲነሳ የቆንስላው አጥር በሰው ተከቧል። አባቶች፣ እናቶች፣ ሕፃናት፣ የየሺቫ ተማሪዎች። በ1990 እና በ1991 አዲስ አበባ የእስራኤል ኤምባሲ አጠገብ ስማቸው እስኪጠራ ወራት የጠበቁ አንባቢዎቻችን ይህን ትዕይንት ሲያዩ ማብራሪያ የሚያስፈልጋቸው አይመስለንም።

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነበር። ከሊትዌኒያ ለመውጣት በሶቪየት ኅብረት ማለፍ ያስፈልጋል። ሶቪየቶች ለማሳለፍ ቀጥሎ ያለችው አገር ቪዛ ይጠይቃሉ፤ ያቺ አገር ጃፓን ናት። ጃፓን ደግሞ የመሸጋገሪያ ቪዛ የምትሰጠው መጨረሻ ላይ የሚቀበለው አገር ላለውና በቂ ገንዘብ ለያዘ ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ አይሁዳዊ ስደተኛን የሚቀበል አገር ከየት ይመጣል? ይህን ቋጠሮ የፈቱት የሆላንድ የክብር ቆንስል ያን ዝዋርተንዳይክ ናቸው። እኚህ ሰው ሙያቸው ዲፕሎማት ሳይሆን የፊሊፕስ ኩባንያ ወኪል ነበሩ። በስደተኞቹ ወረቀት ላይ «ወደ ሱሪናም፣ ወደ ኩራሳዎና ወደ ሌሎች የሆላንድ ግዛቶች በአሜሪካ ለመግባት ቪዛ አያስፈልግም» ብለው ጻፉ። ለመግባት የገዢው ፈቃድ እንደሚያስፈልግ የሚናገረውን ቀሪ ክፍል ሆን ብለው ተዉት። በዚህ መልክ ከሁለት ሺህ በላይ ወረቀት ጽፈዋል። ዝዋርተንዳይክ በ1976 አረፉ፤ ያድ ቫሼም ጻድቅነታቸውን የመሰከረላቸው ግን በ1997 ነው። ሱጊሃራ ሲነሱ እሳቸው መረሳታቸው ትክክል አይደለም።

ሱጊሃራ ቶኪዮን ፈቃድ ጠየቁ፤ መልሱ እንቢታ ሆነ። ደግመው ጠየቁ፤ ያው ነው። ሆኖም ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ቪዛውን በእጃቸው ይጽፉ ጀመር። ነሐሴ 16 ቀን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ማትሱኦካ በቂ ገንዘብና መድረሻ የሌላቸው ሰዎች ጃፓን እየደረሱ ነው ብለው በቴሌግራም ገሠጿቸው። ሱጊሃራ መጻፋቸውን አላቆሙም። ሚስታቸው ዩኪኮ በትዝታ መጽሐፋቸው እንደጻፉት፣ ካውናስን በለቀቁበት ቀን፣ መስከረም መጀመሪያ ላይ፣ በባቡር ጣቢያው ጭምር ወረቀት እየፈረሙ በመስኮት ያቀብሉ ነበር።

ስንት ሰው ዳነ የሚለው ብዙ ጊዜ ይጋነናል ወይም ይቀንሳል። ሱጊሃራ ለሚኒስቴራቸው የላኩት ዝርዝር 2,139 ስሞችን የያዘ ነው። አንድ ቪዛ ለመላው ቤተሰብ ሊሠራ ስለሚችል የሰዎቹ ቁጥር ከዚህ ይበልጣል፤ በሌላ በኩል ቪዛ ይዘው መውጣት ያልቻሉም ነበሩ። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 6,000 ግምት እንጂ ቆጠራ አይደለም። የቀሩት ምን ሆኑ ለሚለው ግን ቁጥሩ ግልጽ ነው። ጀርመን በሰኔ 1941 ከገባች በኋላ ከሊትዌኒያ አይሁዳውያን ከመቶ ዘጠና የሚበልጡት ተገደሉ። በካውናስ ዘጠነኛው ምሽግ በተባለው ቦታ በጥቅምት 29 ቀን 1941 ብቻ ከዘጠኝ ሺህ በላይ ሰው ተረሽኗል።

ቪዛ ያገኙት በባቡር ሳይቤሪያን አቋርጠው ቭላዲቮስቶክ፣ ከዚያም በመርከብ ጃፓን ትሱሩጋ ወደብ ደረሱ። በቭላዲቮስቶክ የጃፓን ቆንስላ ኃላፊ የነበሩት ሳቡሮ ኔይም መንገደኞቹን እንዲያግዱ ሲታዘዙ «የጃፓን መንግሥት የሰጠውን ቪዛ ራሱ ሊክደው አይገባም» የሚል ክርክር አንሥተው አሳልፈዋቸዋል። በኮቤ ከተማ ደግሞ ዕብራይስጥ አዋቂው ሴትሱዞ ኮትሱጂ የመቆያ ፈቃዳቸው እንዲራዘም ተሟግተዋል። ኮትሱጂ በ1959 ኢየሩሳሌም ውስጥ ወደ አይሁድ እምነት ገብተው አብርሃም ተባሉ፤ በ1973 ሲያርፉ የተቀበሩትም እዚሁ ኢየሩሳሌም ነው። ወደ ሌላ አገር መሄድ ያልቻሉት ወደ 1,000 የሚጠጉ ስደተኞች በ1941 ወደ ሻንጋይ ተላኩ። ከእነሱም ውስጥ የሚር የሺቫ ረቢዎችና ተማሪዎች ይገኙበታል። ዛሬ በኢየሩሳሌም የምናውቀው ታላቁ የሚር የሺቫ ከዚሁ ሐረግ ጋር የተያያዘ ነው።

የፊልሙ ጉድለቶች

ፊልሙን ወደነዋል፤ ያልወደድነውም አለ። አንደኛ፣ ሱጊሃራና የውጭ ሰዎች የሚነጋገሩት አብዛኛውን በእንግሊዝኛ ነው። የእኚህ ሰው ሙሉ ሕይወት የቆመው ደግሞ በሩሲያኛ ችሎታቸው ላይ ነበር። ሩሲያኛውን ስታወጡት ሰላዩንም ከግማሽ በላይ አወጣችሁት ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ስደተኞቹ ብዙ ጊዜ የሚታዩት በጅምላ ነው። ከእነሱ መካከል ዞራሕ ዋርሃፍቲግን የመሰሉ ሰዎች ነበሩ። ዋርሃፍቲግ ስደተኞቹን ወክለው ከሱጊሃራ ጋር የተነጋገሩ፣ በኋላ የእስራኤልን የነጻነት አዋጅ ከፈረሙት አንዱ የሆኑና ከ1961 እስከ 1974 የሃይማኖት ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩ ሰው ናቸው። ስደተኛው እጁን ዘርግቶ የሚጠብቅ ብቻ አልነበረም። የኩራሳዎን መንገድ አፈላልገው ካገኙትና ወደ ቆንስሉ ካመጡት መካከል ስደተኞቹ ራሳቸው አሉበት።

ቮልፍጋንግ ጉጄ የተባለው የቆንስላው ሠራተኛ ግን በጥሩ ሁኔታ ተስሏል። ትውልዱ ጀርመናዊ ሲሆን ለጌስታፖ ይሠራ እንደነበር ይታመናል። ሆኖም በቪዛው ሥራ አገዘ፤ ዩኪኮ በትዝታቸው በደግ ያነሱታል።

ከካውናስ በኋላ

ስለላው በካውናስ አላበቃም። ሱጊሃራ ከፕራግ በኋላ በ1941 ከሶቪየት ድንበር ብዙ ወደማይርቀው ወደ ኮኒግስበርግ ተዛወሩ። ግንቦት 9 ቀን 1941 ወደ ቶኪዮ በላኩት ቴሌግራም የጀርመን ጦር በብዛት ወደ ምሥራቅ እየተጓዘ መሆኑንና የሁለቱ አገሮች ነገር በሰኔ እንደሚለይለት አስታወቁ። ጀርመን ሰኔ 22 ቀን ጦርነቱን ጀመረች። መረጃቸው ትክክል ነበር። ጀርመኖች ግን በአካባቢያቸው የሚዞረውን ቆንስል አልወደዱትምና ሱጊሃራ ወደ ሩማንያ ተዛወሩ። ቀድሞ ሶቪየቶች «አንፈልጋቸውም» ያሏቸውን ሰው አሁን ደግሞ ጀርመኖች አልፈለጓቸውም ማለት ነው።

ጦርነቱ ሲያበቃ ቤተሰቡ በሶቪየቶች እጅ በግዞት ቆይቶ ጃፓን የተመለሰው በ1947 ነው። በዚያው ዓመት ሚኒስቴሩ ሱጊሃራን አሰናበታቸው። መንግሥት ምክንያቱ የሠራተኛ ቅነሳ ነው ሲል፣ ቤተሰቡ ደግሞ የቪዛው ጉዳይ ነው ይላል። ትንሹ ልጃቸው ሃሩኪም ብዙ ሳይቆይ በሰባት ዓመቱ ሞተ። ሱጊሃራ ቤተሰባቸውን ለማኖር የተገኘውን ሥራ ሁሉ ሠሩ፤ በኋላም በሩሲያኛቸው ለአንድ የንግድ ድርጅት ተቀጥረው ሞስኮ ውስጥ ብዙ ዓመት ኖሩ። ስለ ቪዛዎቹ ለጎረቤት እንኳ አላወሩም።

በ1968 ከቪዛ ተቀባዮቹ አንዱ የነበሩት የሆሹዋ ኒሽሪ፣ በቶኪዮ የእስራኤል ኤምባሲ የኢኮኖሚ ጉዳይ ኃላፊ ሆነው ሳሉ ሱጊሃራን አገኟቸው። በሚቀጥለው ዓመት ሱጊሃራ እስራኤልን ጎብኝተው ከዋርሃፍቲግ ጋር ተገናኙ። ልጃቸው ኖቡኪም በኢየሩሳሌም በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተማረ። ያድ ቫሼም በ1984 «ከዓለም ሕዝቦች ጻድቃን» አንዱ ብሎ ሰየማቸው። ሱጊሃራ ታመው ስለነበር ሽልማቱን በቶኪዮ የተቀበሉላቸው ሚስታቸውና ልጃቸው ናቸው። ሐምሌ 31 ቀን 1986 አረፉ። የጃፓን መንግሥት በውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዮሄይ ኮኖ አማካይነት ለቤተሰቡ በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ2000 ዓ.ም. ነው።

ፊልሙን ለማየት ለምትፈልጉ፣ የግድያ ትዕይንቶች ስላሉበት ለትንንሽ ልጆች አይሆንም። ከፍ ላሉት ግን ሾዋን በትምህርት ቤት ሲማሩ አብሮ ቢታይ ጥሩ ነው፤ ቀድማችሁ የማንቹሪያውን ታሪክ ብትነግሯቸው የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ግር አይላቸውም። ወደ ሊትዌኒያ የሚሄድ ሰው ካለም የካውናሱ ቆንስላ ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። 2,139 ስሞች የተጻፉበት ዝርዝር ደግሞ ቶኪዮ በሚገኘው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መዝገብ ቤት ተቀምጧል፤ በእያንዳንዱ መሥመር የተቀባዩ ስም፣ ዜግነትና ቪዛው የተሰጠበት ቀን ይነበባል።